የብርሃን በዓላትን ለሕፃናት ስለ ማስተማር

በብዙ አገር የሚኖር ሰው በበዓሉ ቀን እሳት ያነዳል፥ መብራትም ያበራል። አንዱ ችቦ ይለኩሳል፤ አንዱ በሸክላ ውስጥ ዘይት ጨምሮ ፈትል ያቃጥላል፤ አንዱ ጧፍ ይይዛል፤ አንዱም በወረቀት በተሠራ ፋኖስ ደጃፉን ያስጌጣል። መብራቱን ያየ ሕፃን ሁሉ ደስ ይለዋል፤ ደስ ካለውም በኋላ «ይህ ለምንድር ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በትምህርት ቤት ከሚሰጡት መልሶች ሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ነው።

ምክንያቱም መብራት ለዓይን የተገለጠ ነው፤ መብራቱ የሚበራበት ምክንያት ግን በሰው ልብና በአባቶች ታሪክ ውስጥ የተሰወረ ነው። መብራቱን ያየ ሰው ምክንያቱንም ያወቀ ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ግምት ደግሞ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ልጅ በአንድ ወንበር በሚቀመጡበት በገጠር ትምህርት ቤት ትንሽ ነገር አይደለም።

መምህሩ የሌላውን ሃይማኖት በዓል ሲያስረዳ በሁለት ወገን ሊሳሳት ይችላል። አንደኛው ስሕተት «የእነርሱ ከንቱ ነው፤ የእኛ እውነት ነው» ማለት ነው። ይህ ንግግር የተነቀፈውን ልጅ ያቈስለዋል፤ የተመሰገነውንም ልጅ ትዕቢት ያስተምረዋል። ይህ ስሕተት ግልጥ ስለ ሆነ አስተዋይ መምህር ይጠበቅበታል።

ሁለተኛው ስሕተት ግን መልካም ነገር ስለሚመስል ይበልጥ የተሰወረ ነው። ይኸውም «በዓሉ ሁሉ አንድ ነው፤ ሁሉም ብርሃን ጨለማን ማሸነፉ የሚታሰብበት ነው» ብሎ በአጭሩ ማለፍ ነው። ልጁ ይህን ሰምቶ ወደ ቤቱ ሄዶ የነገራቸው እንደ ሆነ አባቱ «የእኛ በዓል እንዲህ አይደለም» ይሉታል። ከዚያ ወዲያ ልጁ ወይ መምህሩን ወይ አባቱን ማመን ይተዋል። አባትየውም ትምህርት ቤቱ ልጃቸውን ከአባቶቹ ሥርዓት ሊያወጣው የሚፈልግ ይመስላቸዋል። የሰላም ቃል ልናገር ብሎ የተነሣ መምህር ሳያስበው ጥርጣሬ ዘራ ማለት ነው።

ከሁለቱ ስሕተቶች የሚያወጣው መንገድ አንድ ነው፤ ይኸውም የበዓሉ ባለቤቶች ራሳቸው የሚሉትንና የሚያደርጉትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መንገር ነው። መምህሩ «ይህ እውነት ነው» ወይም «ይህ ሐሰት ነው» አይልም፤ «ይህን በዓል የሚያከብሩት ሰዎች ምክንያቱ እንዲህ ነው ይላሉ» ይላል እንጂ። ይህም ከአገሪቱ ሕግ ጋራ የሚስማማ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፥ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ መሰጠት እንዳለበት ይደነግጋል። ሃይማኖትን ማስተማር የወላጅና የሃይማኖት አባት ሥራ ነው፤ ስለ ጎረቤት ሃይማኖት በትክክል ማሳወቅ ግን ለትምህርት ቤት የተገባ ሥራ ነው።

ከቅርቡ ስለ መጀመር

ትምህርት ሁሉ ከታወቀው ተነሥቶ ወደማይታወቀው መሄድ አለበት። ስለዚህ መምህሩ አስቀድሞ ልጆቹ በመንደራቸው ያዩትን ይጠይቅ።

ነሐሴ 12 ቀን ማታ እረኞችና ሕፃናት ችቦ ያበራሉ፤ ጅራፍ ያጮኻሉ፤ በየቤቱም እየዞሩ ሙልሙል ይቀበላሉ። ይህ በዓል በሕዝብ ዘንድ ቡሄ ይባላል። ክርስቲያኖች በነሐሴ 13 ቀን ክርስቶስ በታቦር ተራራ ላይ ብርሃነ መለኮቱን ለሦስት ደቀ መዛሙርቱ የገለጠበትን ቀን ያከብራሉ፤ ስሙንም ደብረ ታቦር ይሉታል። ስለ ችቦውና ስለ ሙልሙሉም ሲናገሩ፥ በዚያን ሌሊት ብርሃን ስለ በራ እረኞች ገና ቀን መስሏቸው በሜዳ ቆዩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ ይላሉ።

ከዚህ በኋላ ከአንድ ወር ጥቂት ቀናት በሚበልጥ ጊዜ መስቀል ይመጣል። በመስከረም 16 ቀን ማታ፥ በአንዳንድ አገር ደግሞ በ17 ቀን ማለዳ፥ እንጨትና ችቦ ተደምሮ በላዩም አደይ አበባ ታስሮ ይቃጠላል። የዚህ እሳት ምክንያት ከቡሄው ችቦ ምክንያት የተለየ ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እንደሚተረከው፥ ንግሥት እሌኒ የክርስቶስን መስቀል ልትፈልግ ወደ ኢየሩሳሌም በሄደች ጊዜ መስቀሉ የተቀበረበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው አጣች። በኋላም ኪራኮስ የተባለ ሽማግሌ በነገራት ምክር እንጨት አስደምራ፥ ዕጣን ጨምራ አቃጠለች፤ ጢሱም ወደ ላይ ወጥቶ ተመልሶ መስቀሉ ወዳለበት ኮረብታ አመለከተ። መስከረም 17 ቀን ቁፋሮ ተጀምሮ መስቀሉ መጋቢት 10 ቀን ተገኘ ይላሉ። ይህ በዓል የሚከበርበት ሥርዓት በ2006 ዓ.ም. ዩኔስኮ በሚባለው በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

እነሆ፥ ከሩቅ ለሚያየው ቡሄና ደመራ ሁለቱም የእሳት በዓል ናቸው። ነገር ግን የደመራ ታሪክ የሚናገረው ስለ ጢስ እንጂ ስለ ብርሃን አይደለም። ጢሱ ቦታ አመለከተ፤ እሳቱም የነደደው ለጢሱ ነው። መምህሩ «ደመራ ብርሃን ጨለማን ያሸነፈበት በዓል ነው» ቢል የራሱን ጎረቤት በዓል እንኳ ሳያውቅ ቀረ ማለት ነው። በአንድ ሃይማኖትና በአንድ መንደር ውስጥ የሁለት እሳት ምክንያት እንዲህ ከተለያየ፥ በሩቅ አገርና በሌላ ሃይማኖት ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ልጆቹ ከዚህ ያስተውላሉ።

ስለ ሐኑካ

የአይሁድ የመብራት በዓል ሐኑካ ይባላል፤ ትርጓሜውም በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ «ቅዳሴ ቤት» እንደ ማለት ነው። በዓሉ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ይውላል፤ ስምንት ቀንም ይከበራል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በሶርያ የነገሠው የግሪክ ወገን ንጉሥ አንጥያኮስ ኤጲፋኔስ አይሁድ ሕጋቸውን እንዲተዉ አስገደደ፤ በኢየሩሳሌም ያለውንም ቤተ መቅደስ አረከሰ። ይሁዳ መቃብዮስ የተባለው ሰው ከወንድሞቹ ጋራ ተነሥቶ ተዋጋ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ164 ዓመትም ቤተ መቅደሱን አስለቅቆ አነጻው፥ መሠዊያውንም አደሰው። ከዚያ በኋላ የጻፉ የአይሁድ መምህራን ታልሙድ በተባለው መጽሐፋቸው ሌላ ነገር ይጨምራሉ። ለመቅረዙ የሚሆን ንጹሕ ዘይት በተፈለገ ጊዜ የሊቀ ካህናቱ ማኅተም ያለበት አንድ ትንሽ ማሰሮ ብቻ ተገኘ፤ ለአንድ ቀን ብቻ የሚበቃው ያ ዘይት ስምንት ቀን በራ ይላሉ። ስለዚህ በመጀመሪያው ሌሊት አንድ፥ በሁለተኛው ሁለት እያሉ እስከ ስምንት ያበራሉ። በዚህ መብራት ሥራ አይሠራበትም፤ ተአምሩ ለአላፊ አግዳሚው ይታወቅ ዘንድ በደጃፍ ወይም በመስኮት ይቀመጣል እንጂ። ሌሎቹ የሚለኮሱበት አንድ ተጨማሪ መብራትም አለ፤ ስሙን «አገልጋይ» ይሉታል።

ማንበብ የሚችሉ ሽማግሌዎች የዚህን በዓል ስም በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 10 ያገኙታል፤ በክረምት በኢየሩሳሌም ይከበር እንደ ነበረ በዚያ ተጽፏል። ነገር ግን በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በ81 ዱ መጻሕፍት ውስጥ የሚቈጠሩት መጻሕፍተ መቃብያን ይህን ታሪክ የሚናገሩ እንዳይመስላቸው ያስፈልጋል። እነርሱ የሚናገሩት ከብንያም ነገድ ስለ ሆነው ስለ መቃቢስና ስለ ልጆቹ ነው። ስሙ ቢመሳሰልም ታሪኩ ሌላ ነው።

ደግሞም «አይሁድ ሁሉ ሐኑካን ከጥንት ጀምሮ ያከብራሉ» የሚል መምህር ይሳሳታል። በጎንደርና በትግራይ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ሐኑካን በአባቶቻቸው ሥርዓት አያውቁትም ነበር። የእነርሱ ታላቅ በዓል ስግድ ነው፤ በዚያም ቀን ጾመው፥ ኦሪትን ተሸክመው ወደ ተራራ ይወጡ ነበር። በ1977 ዓ.ም.ና በ1983 ዓ.ም. ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ከተጓዙ በኋላ ከሌሎቹ አይሁድ ጋራ ሐኑካን ማብራት ያዙ፤ የእስራኤል ሸንጎም በ2000 ዓ.ም. ስግድን የአገሪቱ በዓል እንዲሆን ደነገገ። አንዱ ከሌላው ተቀበለ ማለት ነው።

ይህ በዓል ለሒሳብ ትምህርትም ይጠቅማል። መምህሩ «በስምንቱ ሌሊት ስንት መብራት ይበራል?» ብሎ ይጠይቅ። ልጆቹ ከአንድ እስከ ስምንት ያሉትን ቍጥሮች ሲደምሩ 36 ያገኛሉ። አንድን ከስምንት፥ ሁለትን ከሰባት፥ ሦስትን ከስድስት፥ አራትን ከአምስት ያጋጠመ ልጅ ደግሞ አራት ጊዜ 9 መሆኑን ፈጥኖ ያያል። በየሌሊቱ የሚበራው «አገልጋይ» ሲጨመር 44 ይሆናል። በጥንት ዘመን የሻማይ ደቀ መዛሙርት «ከስምንት ጀምሮ እየቀነሰ ይሂድ» ብለው፥ የሂሌል ደቀ መዛሙርት ደግሞ «ከአንድ ጀምሮ እየጨመረ ይሂድ» ብለው ተከራክረው ነበር፤ የሂሌልም ወገን ሥርዓት ጸና። ከላይም ቢጀምሩ ከታችም ቢጀምሩ ድምሩ 36 መሆኑን ልጆቹ ራሳቸው ይፈትኑት።

ስለ ዲዋሊ

በሕንድ አገር በጥቅምት ወይም በኅዳር መጀመሪያ፥ ጨረቃ በማትታይበት ሌሊት፥ በየቤቱ ደጃፍ፥ በየመስኮቱና በየሰገነቱ ትንንሽ የሸክላ መብራቶች ተደርድረው ይበራሉ። የበዓሉ ስም ዲዋሊ ወይም ዲፓቫሊ ነው፤ ትርጓሜውም «የመብራት ተርታ» ማለት ነው። በብዙ ስፍራ አምስት ቀን ይከበራል። ሰዎች ቤታቸውን ያጸዳሉ፥ አዲስ ልብስ ይለብሳሉ፥ ጣፋጭ ምግብም ይሰጣጣሉ፤ በአንዳንድ ስፍራ ያሉ ነጋዴዎችም በዚህ ጊዜ አዲስ የሒሳብ መዝገብ ይከፍታሉ።

ምክንያቱ ምንድር ነው ለሚለው ጥያቄ ግን መልሱ አንድ አይደለም። በሰሜን ሕንድ ያሉ ብዙ ሂንዱዎች፥ ራማ የተባለው የንጉሥ ልጅ 14 ዓመት በስደት ከኖረና ራቫና የተባለውን ጠላቱን ድል ካደረገ በኋላ ወደ ከተማው ወደ አዮድያ ሲመለስ ሕዝቡ መብራት አብርቶ ተቀበለው ይላሉ። በደቡብ ያሉት ደግሞ ክሪሽና ናራካሱራ የተባለውን ክፉ ንጉሥ የገደለበት ነው ይላሉ። ብዙዎች በዚያ ሌሊት ላክሽሚ የተባለችውን የሀብትና የበረከት ሴት አምላክ ያከብራሉ፤ በቤንጋል ግን ካሊ የተባለችው ትከበራለች። ጃይን የሚባሉት ሰዎች መምህራቸው ማሃቪራ ከዚህ ዓለም የተለየበትንና ፍጹም ነጻነት ያገኘበትን ሌሊት ያስባሉ። ሲክ የሚባሉትም ስድስተኛው መምህራቸው ጉሩ ሃርጎቢንድ በጓልዮር ምሽግ ከታሰረበት 52 መሳፍንትን አስከትሎ መውጣቱን ያስባሉ፤ በአምሪትሳር ያለውንም የወርቅ መቅደሳቸውን በመብራት ያስጌጡታል።

በአንድ ሌሊት፥ በአንድ አገር፥ በአንድ ዓይነት የሸክላ መብራት ይህን ያህል ልዩ ልዩ ምክንያት ይታሰባል። በመንገድ የሚያልፍ እንግዳ መብራቱን ብቻ አይቶ የየትኛው ቤት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ሊያውቅ አይችልም፤ ደጁን አንኳኩቶ መጠየቅ አለበት።

በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽና ከዚያም በኋላ ብዙ የሕንድ መምህራን በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች አስተምረዋል፤ ከሽማግሌዎችም መካከል ከእነርሱ የተማሩ አሉ። ከእነዚያ መምህራን ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ነበሩ። ስለዚህ «ሕንዳዊ ሁሉ ሂንዱ ነው፤ ሁሉም ዲዋሊን በአንድ ዓይነት ያከብራል» ማለት ትክክል አለመሆኑን ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ሊመሰክሩ ይችላሉ።

ስለ ቬሳክ

የቡድሃ ተከታዮች በስሪ ላንካና በሌሎችም የእስያ አገሮች ቬሳክ የተባለውን በዓል ያከብራሉ። ይህ በዓል በሚያዝያ መጨረሻ ወይም በግንቦት ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ቀን ይውላል። የቡድሃ መወለድ፥ እውቀት የተገለጠለት ጊዜና ከዚህ ዓለም መለየቱ በአንድነት ይታሰቡበታል። «ቡድሃ» ማለት «የነቃ» ማለት ነው። በስሪ ላንካ ቤቶችና መንገዶች በዘይት መብራትና በወረቀት ፋኖስ ይሞላሉ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ለዚህ ቀን ዕውቅና ሰጥቶታል።

መምህሩ ልጆቹን እዚህ ላይ ያስተውሉ ዘንድ ይጠይቃቸው፤ ዲዋሊ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ነው፤ ቬሳክ ግን ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ሌሊት ነው። ሌሊቱ ብሩህ ከሆነ መብራቱ ለምን አስፈለገ? የበዓሉ ባለቤቶች መብራቱን ከአበባና ከዕጣን ጋራ ለመምህራቸው የክብር መባ አድርገው ያቀርቡታል። በዚህም «የመብራት በዓል ሁሉ ጨለማን ለማባረር ነው» የሚለው ግምት ዳግመኛ ይፈርሳል።

ስለ ሙስሊሞች በዓላት

አንዳንድ መምህር ሁሉንም እኩል አደርጋለሁ ብሎ ለሙስሊሙ ልጅም «የእናንተስ የመብራት በዓል የትኛው ነው?» ይለዋል። ይህ ጥያቄ በጎ አሳብ ቢኖረውም ልጁን ያስጨንቀዋል። የሙስሊሞች ሁለቱ ታላላቅ በዓላት፥ ዒድ አል ፈጥርና በተለምዶ አረፋ የሚባለው ዒድ አል አድሓ፥ የመብራት በዓላት አይደሉም። ዋና ሥራቸው በአንድነት መስገድ፥ ለድሀ መስጠትና ዘመድ መጠየቅ ነው፤ በአረፋም እርድ ይጨመራል። በካይሮ ከተማ በረመዳን ወር ሕፃናት ባለ ቀለም ፋኖስ ይዘው ይዞራሉ፤ ይህ ግን የአገር ልማድ እንጂ የሃይማኖት ትእዛዝ አይደለም።

ሙስሊሞች ጊዜያቸውን የሚያውቁበት ብርሃን አለ፤ እርሱም ጨረቃ ነው። የረመዳን ጾም የሚጀመረውና የሚፈታው አዲስ ጨረቃ በመታየቷ ነው። የጨረቃ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለ ሆነ፥ በዓሎቻቸው በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ እየተመለሱ በክረምትም በበጋም ይውላሉ። በቁርኣንም 24ኛው ምዕራፍ «ኑር» ይባላል፤ ትርጓሜውም «ብርሃን» ነው። መምህሩ ይህን ያህል በትክክል መንገር ይበቃዋል። የሌለውን በዓል ፈጥሮ መስጠት አክብሮት አይደለም፤ ያለውን እንዳለ ማወቅ ነው አክብሮት።

ስለ ወቅትና ስለ ብርሃን

በጂኦግራፊ ትምህርት ጊዜ መምህሩ አንድ ነገር ይጨምር። በሰሜን አገር በክረምት ቀኑ እጅግ ያጥራል። በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም በታኅሣሥ ወር ፀሐይ የምትታየው 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በዚያ አገር ታኅሣሥ 4 ቀን የቅድስት ሉሲያ በዓል ይከበራል፤ አንዲት ልጃገረድ ነጭ ለብሳ፥ በራሷ ላይ የመብራት አክሊል አድርጋ፥ ጓደኞቿን አስከትላ ትዞራለች። በአዲስ አበባ ግን ረጅሙ ቀን ከአጭሩ ቀን የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ያህል ነው። በኢትዮጵያ ሰማዩን የሚያጨልመው የሌሊት መርዘም ሳይሆን የክረምት ደመና ነው፤ ቡሄና መስቀልም የሚውሉት ዝናቡ እየቀነሰ፥ ሰማዩ እየጠራ በሚሄድበት ጊዜ ነው።

ይህ እውቀት መልካም ነው፤ ነገር ግን ወሰኑን ማለፍ የለበትም። ወቅቱ በዓሉን ያስውበዋል፤ የሚያከብሩት ሰዎች የሚሰጡት ምክንያት ግን ወቅቱ አይደለም። ደመራ የሚያቃጥሉት አባት «ለምን ያቃጥላሉ?» ቢባሉ «ዝናብ ስላቆመ ነው» አይሉም።

በክፍል ውስጥ ስለሚደረገው ሥራ

አንደኛ፥ መምህሩ በመንደሩ ስለሚከበር በዓል ከማስተማሩ በፊት ወደ በዓሉ ባለቤቶች ይሂድ። ስለ መስቀል ቄሱን፥ ስለ ዒድ ሼሁን ይጠይቅ፤ ያስተማረውንም «እንዲህ ብዬ ልነግራቸው ነው፤ ትክክል ነውን?» ብሎ ያረጋግጥ። ይህ ሲሆን ወላጆች ትምህርቱን አይጠራጠሩትም።

ሁለተኛ፥ አንድ ልጅ በጓደኞቹ ፊት ቆሞ ስለ ሃይማኖቱ ጠበቃ እንዲሆን አይገደድ። በራሱ ፈቃድ በቤቱ የሚደረገውን ቢናገር ግን በጸጥታ ይደመጥ።

ሦስተኛ፥ በዓሉ ይነገራል እንጂ በክፍል ውስጥ አይከበርም። የጸሎት ቃል ማስደገምና ሥርዓቱን ማስፈጸም ለትምህርት ቤት አይገባም። ልጆቹ ከጭቃ የሸክላ መብራት ቢሠሩ፥ የመቅረዝ ወይም የፋኖስ ሥዕል ቢሥሉ የእጅ ሥራ ትምህርት ነው። የትኛውን በዓል እንደሚሥሉ ግን ለልጆቹ ይተው።

አራተኛ፥ በሣር ክዳን ቤትና በጠባብ ክፍል ውስጥ እሳት አይለኮስ። የተሠራው መብራት ያለ እሳት ይታይ።

አምስተኛ፥ ልጆቹ «እውነቱ የማን ነው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። መምህሩ በዚህ ጊዜ አይቈጣ፥ ጥያቄውንም አይሽሽ። እንዲህ ብሎ ይመልስ፤ «ይህን ወላጆችህና የሃይማኖት አባቶችህ ያስተምሩሃል። ትምህርት ቤት የሚያስተምርህ ጎረቤትህ የሚለውን እርሱ እንደሚለው አድርገህ እንድታውቅ ነው።» ይህ መልስ የማንንም እምነት አያፈርስም፤ ማንንም ሐሰተኛ አያደርግም።

ከሽማግሌዎች ለሚነሣ ጥያቄ

ምናልባት ከሽማግሌዎች አንዱ «ሂንዱም አይሁድም በሌለበት በዚህ ቀበሌ ዲዋሊና ሐኑካ ለልጆቻችን ምን ይጠቅማቸዋል?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ሁለት ነው።

የመጀመሪያው፥ ዛሬ የገጠር ልጅ ሩቅ ይሄዳል። በዱባይ ለሥራ የሄደች ልጅ ከሕንዳውያን ጋራ በአንድ ቤት ትውል ይሆናል፤ በእስራኤል፥ በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖሩም በጎረቤታቸው መስኮት የሐኑካን መብራት ያያሉ። አስቀድሞ የተማረ ሰው ባየው ነገር አይደነግጥም፥ አይሳለቅምም።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ከዚህ ይበልጣል። ሰው ስለ ሩቅ ሕዝብ ሲማር ልቡ አይሞቅም፤ ስለ ቅርብ ጎረቤቱ ሲሆን ግን ቶሎ ይቈጣል። ልጁ ስለ ሂንዱው በዓል «እነርሱ እንዲህ ይላሉ» ማለትን በእርጋታ ከለመደ፥ ከወንዝ ማዶ ስላለው ጎረቤቱም በዚያው ልማድ መናገር ይቀለዋል። የሩቁ ለቅርቡ መለማመጃ ይሆናል። ይህን ሳይለምድ ያደገ ሰው ግን በገበያ የሰማውን ክፉ ወሬ ሳይመረምር ይቀበላል፤ በዚህም ምክንያት አብረው ያደጉ ሰዎች ሊጣሉ ይችላሉ።

ከእንግዲህ በነሐሴና በመስከረም ማታ በኮረብታው ላይ እሳት ሲታይ የክርስቲያኑ ልጅ ምክንያቱን በትክክል ይናገር፤ የሙስሊሙም ልጅ ጎረቤቶቹ የሚሉትን እነርሱ እንደሚሉት አድርጎ ይናገር። አዲስ ጨረቃ በታየችም ጊዜ እንዲሁ ይሁን። አንዱ የሌላውን እሳት እንዲለኩስ አይጠየቅም፤ ለምን እንደ ነደደ ሲጠየቅ ግን ሐሰት እንዳይናገር ከመምህሩ ሊማር ይገባዋል።